ያውቁ ኖሯል? ከፋዩ፣ ደላላውና ሕጉ

ኮምቦልቻ ላይ የሴተኛ አዳሪነት ጉዳይ ከተነሣ ጨዋታው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ክልክል እኮ ነው፤ ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ስለሚያልፍ ነው እንጂ» ይላል። ሌላው «ምን ክልክል አለው? በየመንገዱ አይደል እንዴ የቆሙት!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ግማሹን ይዘው ግማሹን ጥለዋል። የዛሬው አምዳችን ገንዘብ ከፍሎ ከሴተኛ አዳሪ ጋር ስለ ማደር የአገራችን ሕግ የሚለውንና የማይለውን ይለቅማል። ለማሳፈርም ለማደፋፈርም አይደለም።

በኢትዮጵያ ሴተኛ አዳሪነት በራሱ ወንጀል አለመሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ 18 ዓመት የሞላት ሴት በራሷ ፈቃድ በዚህ ሥራ ብትተዳደር እሷን አይቀጣም። የሚከፍለውንም ሰው በመክፈሉ ብቻ አይቀጣውም። አይቀጣም ማለት ግን ፈቅዷል ማለት አይደለም። ሕጉ በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ዝም ብሏል፤ በዙሪያዋ ግን ብዙ ተናግሯል። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም ዝምታውን ሰምቶ ንግግሩን ባለመስማቱ ነው።

ይህ ዝምታ አዲስ እንዳልሆነስ? ከአሁኑ ሕግ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም መንገዱ ይኸው ነበር። ያንን ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የሚባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ናቸው። በዚያም ሕግ ቅጣቱ የተነጣጠረው ሴቲቱን በሚያቃጥረውና በእሷ ገቢ በሚኖረው ላይ እንጂ በእሷ ላይ አልነበረም። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ይህ ነገር ግን ባለበት ቆየ።

ታዲያ በሌላ ሰው ሴተኛ አዳሪነት መጠቀም ወንጀል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቁጥሩን ይያዙት፤ አንቀጽ 634 ነው። ማቃጠርን ሙያ ያደረገ፣ በሌላዋ ገላ ገቢ የሚኖር፣ ወይም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ቤት በባለቤትነትም ሆነ በጠባቂነት የያዘ ሰው ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። «ወይም» አይልም፤ እስራትም መቀጮም ነው። ቀላል እስራት በእኛ ሕግ በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ነው። ስሙ «ቀላል» ስለሆነ ብቻ የሚንቀው ሰው 3 ዓመት ስንት ጾምና ስንት በዓል እንደሚያልፍበት ቢቆጥር ደግ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም አንቀጹና ጎዳናው አይተዋወቁም። በከተማችን ብቻ ሳይሆን ከሞያሌ እስከ ሁመራ መንገደኛ በሚያድርበት ከተማ ሁሉ የታወቀ አሠራር አለ። ፊት ለፊት ቡና ቤት ይሆናል፣ ከጓሮ ደግሞ በረድፍ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች። ልጅቷ ለክፍሏ በየቀኑ ኪራይ ትከፍላለች፤ ደንበኛው ቢራ እንዲያዝዝ ታደርጋለች፤ ደንበኛ ይዛ ከግቢው ስትወጣም «የበር» ይባልና ይቆረጥባታል። ባለቤቱ «እኔ የማከራየው አልጋ ነው፣ የምሸጠው ቢራ ነው» ይላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የአልጋውን ስም አይደለም፤ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደገባ ነው። የዚህ አምድ ጸሐፊ አስተያየት ይፈቀድለት ከተባለ፣ 634 በወረቀት ላይ ካሉት አንቀጾች ሁሉ በጣም እንቅልፋሙ ነው።

ስለ ስሙስ አስበው ያውቃሉ? «ሴተኛ አዳሪ» የሚለው ቃል ውስጥ ስድብ የለበትም። አርሶ አደር አርሶ የሚያድር ነው፤ ወዝ አደር በወዙ የሚያድር ነው፤ ወጥቶ አደር ደጅ የሚያድር ወታደር ነው። ሴተኛ አዳሪም ከዚሁ ከ«ማደር» ቤተሰብ ናት። የመሸታ ቤት እመቤት ኮማሪት ተብላ ስትጠራ በኖረችበት አገር፣ ስድቡ የመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከአፉ ነው። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች «የወሲብ ንግድ ተዳዳሪ» ማለትን ይመርጣሉ። የመንደር ልጆች ያወጡላቸውን ሌሎች ስሞች እዚህ አንጽፋቸውም፤ ያውቋቸዋል።

ወደ ዋናው እንመለስ። ልጅቷ 18 ዓመት ካልሞላት የተከፈላት ገንዘብ በሕግ ፊት ምንም ትርጉም እንደሌለው ያውቁ ኖሯል? አንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ይመጣል፤ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። «ፈቅዳ ነው»፣ «ራሷ ናት የጠራችኝ»፣ «ከፍያታለሁ» የሚሉት ቃላት እዚህ መከላከያ አይሆኑም። «ከፍያታለሁ» ማለት እንዲያውም በራስ ላይ መመስከር ነው።

ክፍያ ሲባል የግድ ብር መቁጠር እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። የሞባይል ካርድ ነው፣ አዲስ ስልክ ነው፣ ጫማ ነው፣ የፀጉር ቤት ሒሳብ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። ባለመኪናው «ልጄ ናት፣ እያስተማርኳት ነው» ይል ይሆናል። ዕድሜዋ 16 ከሆነ ለአንቀጽ 626 ስጦታውና ክፍያው ልዩነት የላቸውም። ቀበሌ ያወጣላትን መታወቂያ አሳይታኝ ነበር የሚል ክርክር በፍርድ ቤት የራሱ ጉዞ አለው፤ ልጅቷ «18 ነኝ» ማለቷ ግን ዕድሜዋን አያሳድገውም። ደላሎች ለልጆቹ መጀመሪያ የሚያስጠኗቸው ዓረፍተ ነገር ይህ መሆኑን በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፉ ሁሉ ይናገራሉ።

አንቀጹ ለወንድ ልጅም እንደሚሠራስ? ሴት ሆና ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ወንድ ልጅ ጋር ይህን የፈጸመች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ትቀጣለች። ቅጣቱ ለምን እንደሚለያይ የሕግ ሰዎች ይጨቃጨቁበት።

ስለ ደላላው እናውራ። ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከአልብኮ፣ ከተሁለደሬ ገጠር ፌስታል አንጠልጥላ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የወረደች ልጅ መጀመሪያ የምታገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ዘመድ አይደለም። «ሥራ ፈልገሽ ነው?» የሚል ሰው ነው። ከቤት ሠራተኛነት ይጀመራል፣ ወደ አስተናጋጅነት ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 በማንኛውም ዓላማ በሰው መነገድ ክልክል መሆኑን ያስቀምጣል። በ2012 ዓ.ም የወጣው በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ ቅጣቱን ደንግጓል። ተጎጂው አካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሲሆን ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ተጎጂዋ ሴት ወይም ሕፃን ስትሆን ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮውም አብሮ አለ።

ብዙ ሰው «በሰው መነገድ» ሲባል ጅቡቲን፣ የመንን፣ ሳዑዲን ብቻ ያስባል። ደቡብ ወሎ በዚያ መንገድ ብዙ ልጅ ያጣ አገር ስለሆነ አይፈረድበትም። ወንጀሉ ግን ድንበር መሻገር አያስፈልገውም። ከወረባቦ ኮምቦልቻም ይበቃል። በማታለል አምጥቶ ለዚህ ሥራ ያዋላት ደላላ ያሻገራት ወንዝ ቦርከና ብቻ ቢሆንም ያው ነው።

ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሴትን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ አብሮ መተኛት ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አንቀጽ 625 ነው። አስገድዶ መድፈር ባይሆን እንኳ፣ የቁሳቁስ ችግሯን ወይም የመንፈስ ጭንቀቷን፣ ወይም አሳዳሪዋ፣ አስተማሪዋ፣ አሠሪዋ፣ ጠባቂዋ በመሆን ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በግል አቤቱታ በቀላል እስራት ይቀጣል። «በግል አቤቱታ» ማለት ተበዳይዋ ካልከሰሰች ዐቃቤ ሕግ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ችግረኛዋ አቤት ብላ እንድትመጣ የሚጠብቅ አንቀጽ ችግረኛዋን የሚያውቃት አይመስልም፤ እኛ ግን ሕግ አውጪ አይደለንም። የሆነ ሆኖ «እኔ ደሞ ረዳኋት እንጂ!» የሚለው ሰው፣ ከስንዴው ወይም ከቅጥር ደብዳቤው ጋር ሌላ ነገር ጠይቆ ከሆነ፣ ይቺን አንቀጽ አንድ ጊዜ ያንብባት።

አስተናጋጇም የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እንዳላት ያውቁ ኖሯል? በቡና ቤት በደመወዝ የተቀጠረች ልጅ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ ናት። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ጨርሶ ሊሠራ አይችልም። ቡና ቤት ደግሞ ሥራው የሚሞቀው በትክክል ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት።

ገንዘብ ካነሣን ዘንድ፣ ስምምነቱ በፍርድ ቤት እንደማይጸና ያውቁ ኖሯል? የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ጉዳዩ ሕግን ወይም መልካም ጠባይን የሚቃወም ውል ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ «ተስማምተን አልከፈለኝም» ብላ ብትከስም፣ «ከፍዬ ጥላኝ ሄደች» ብሎ ቢከስም፣ ዳኛው ውሉን ፈጽሙ ብሎ አያዝላቸውም። ይህንን የሰማ ሰው «እንግዲያው ነፃ ነው» ብሎ ቢዘል ግን ገደል ይገባል። ውሉ ባይጸናም ቦርሳዋን መስረቅ ስርቆት ነው፤ እሷም የሱን ስልክ ይዛ ብትሮጥ ያው ነው። በጥፊ መምታትም አካል ማጉደል እንደሁ፣ እጅ እልፊት እንደሁ ይታያል እንጂ «የንግድ ጭቅጭቅ» አይባልም።

ሴተኛ አዳሪም ትደፈራለች። ይህንን «ያውቁ ኖሯል?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ያሳዝናል። አንቀጽ 620 በኃይል ወይም በማስፈራራት ከጋብቻ ውጪ ሴትን አስገድዶ የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል ሲል ሥራዋ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሒሳብ ከፍሎ የገባ ሰው እሷ «በቃ» ካለች በኋላ ከቀጠለ፣ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ስትለው ከታገላት፣ ወይም አንድ ሆኖ ተዋውሎ ሦስት ሆኖ ከመጣ፣ የከፈለው ገንዘብ የፈቃድ ደረሰኝ አይሆነውም። ጣቢያ ስትሄድ «አንቺ ደግሞ!» የሚላት ፖሊስ ቢገጥማት ስህተቱ የፖሊሱ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ አላለም።

ለዚሁ ሁለት አጫጭር መረጃ። ከመደፈር በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። በመደፈር የተረገዘ ጽንስን በሕግ ለማቋረጥ ደግሞ የሴቲቱ ቃል ይበቃል፤ አድራጊው ተይዞ እስኪፈረድበት መጠበቅ የለም።

ባለትዳር ደንበኛ የራሱ አንቀጽ እንዳለውስ? 652። ጋብቻው የጸና ሆኖ ሳለ ከሌላ ጋር ያመነዘረ ተጋቢ፣ የተበደለው ወገን ከከሰሰ፣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። «ከፍዬ እንጂ ወድጄ አይደለም» ማለት ለሚስት ምን እንደሚመስል ባናውቅም ለአንቀጹ ምንም አይደለም።

መንገድ ላይ ቆሞ መጥራት ራሱ ከገደብ ሲያልፍ፣ መንገደኛን ሲያስቸግር ወይም የሰፈሩን ሰላም ሲነሣ በደንብ መተላለፍ ያስጠይቃል። ይህ ለጠሪዋ ብቻ አይደለም፤ መኪናውን አዘግይቶ ከተማሪዎች ጎን ጎን እየነዳ የሚጠራውንም ይመለከታል። በአደባባይ የሚፈጸም ጸያፍ ድርጊት ደግሞ ከደንብ ከፍ ብሎ በአንቀጽ 639 ወንጀል ነው፤ የቆመ መኪና ውስጥም ሰው እያየ ከሆነ አደባባይ ነው።

አሁን ወደ ኋላ። ደሴንና ኮምቦልቻን ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ሲይዝ ከመድፉ ጋር አንድ ጉደኛ ሕግ ተከትሎት መጣ። ሕጉ የወጣው በሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም ነው፤ ቁጥሩም 880። ጣሊያናዊ ዜጋ በቅኝ ከተያዘው አገር ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል ይላል። ልብ ይበሉ፤ ከፍሎ ማደር አልተከለከለም። የተከለከለው መውደድ፣ አብሮ መብላት፣ ልጅ ወልዶ ማሳደግ ነው። ሮም የፈራችው ዝሙትን አልነበረም፤ ትዳርን ነበር። ለወታደሮቹ በጤና ምርመራ የሚተዳደሩ ቤቶች ተከፈቱ፤ ለነጭ ተብሎ የተለየው ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው። በኢትዮጵያ ከተሞች የሴተኛ አዳሪዎች ቁጥር ከፍ ካለባቸው ጊዜያት አንዱ እነዚያ 5 ዓመታት እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ሰውን ከወደድክ ትታሰራለህ፣ ከከፈልክ ትመረመራለህ የሚል ሕግ! የቀረው የዚህ አምድ ሕግ ሁሉ ከዚህ አጠገብ ሲታይ ብልህ ይመስላል።

ያው ጣሊያን ነው ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ወርዶ አሰብ የሚገባውን መንገድ የሠራው። ያ መንገድ ለኮምቦልቻ አባትም እናትም ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ እስኪዘጋ ድረስ የአገሪቱ ዕቃ በዚህ ይመላለስ ነበር፤ ከባዱ መኪና በሚያድርበት ሾፌርና ረዳት ያድራል፤ ሾፌር በሚያድርበት ቡና ቤት ይከፈታል። በኢትዮጵያ ኤች አይ ቪ መግባቱ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በ1986 እ.ኤ.አ. ታዩ። ከ2 ዓመት በኋላ በ23 ከተሞች በሴተኛ አዳሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት 17 በመቶው ቫይረሱ ተገኘባቸው። በዚያው ዘመን ረጅም መንገድ ከሚነዱ ሾፌሮች 13 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ወሬው ግን ስለ ሴቶቹ እንጂ ስለ ሾፌሮቹ ብዙም አልነበረም፤ ቫይረሱ በእግሩ የሚሄድ ይመስል።

ስለዚህም አንቀጽ 514 አለ። ተላላፊ በሽታን ሆን ብሎ ያስተላለፈ ሰው እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። አንቀጹ ጾታ አይለይም፤ ከፋይም ተከፋይም አይለይም።

በ2014 ዓ.ም ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የነበረ ጊዜ ሕግ የሚባል ነገር ሁሉ የተረሳ ይመስል ነበር። አልተረሳም። በጦርነት ጊዜ ሲቪል ሰዎችን መድፈርም ሆነ ለሴተኛ አዳሪነት ማስገደድ በአንቀጽ 270 የጦር ወንጀል ነው። ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ በጣም ከባድ ሲሆን የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት። የየትኛው ወገን ወታደር ነህ ብሎ የሚጠይቅ ሐረግ አንቀጹ ውስጥ የለም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከቡና ቤት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በቴሌግራም «አጃቢ እናገናኛለን» የሚል ማስታወቂያ፣ የተዋበ ፎቶ፣ ከዚያ «ቅድሚያ ግማሹን በቴሌብር ይላኩ»። ብር ተላከ፤ ፎቶዋም ጠፋች፣ ስልኩም ጠፋ። ፎቶው ብዙ ጊዜ ምንም የማታውቅ የሌላ ልጅ ፎቶ ነው። ይህ አንቀጽ 692 ላይ ያለው ማታለል ነው፤ ጽኑ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። የተታለለው ሰው ስለሚያፍር ጣቢያ አይሄድም፤ አታላዩም የሚነግደው በዚሁ እፍረት ነው። ነገሩ ከፍቶ «ሥዕልህን ለሚስትህ፣ ለመሥሪያ ቤትህ እልካለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ከመጣ በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አለ፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ማስፈራሪያውን አያጥፉት፤ ማስረጃ ነው። «አገናኛለን» የሚለው የቴሌግራሙ ባለቤትም ቢሆን ከመናኸሪያው ደላላ የሚለየው በኢንተርኔቱ ብቻ ነው፤ ለሱም 634 አለለት።

በ2011 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የጎዳና ላይ ሴተኛ አዳሪነትንና ልመናን ለመከልከል ረቂቅ እያዘጋጀ መሆኑን ማሳወቁን ያስታውሱ ይሆናል። ያኔ ኮምቦልቻም ውስጥ «በቃ ተከለከለ» ብለው ያወሩ ነበሩ። የአዲስ አበባ ደንብ ኮምቦልቻ አይደርስም፤ የሚገዛው አዲስ አበባን ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት ይህችን ይንገሩት። ስዊድን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሸጠውን ትታ የሚገዛውን ትቀጣለች፤ ኖርዌይ በ2009፣ ፈረንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ተከትለዋታል። ጀርመንና ኔዘርላንድ ፈቃድና ቁጥጥር አበጅተውለታል። ኒውዚላንድ በ2003 እ.ኤ.አ. ከወንጀል መዝገብ አውጥታዋለች። ቤልጂየም ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለሴተኛ አዳሪዎች የቅጥር ውል፣ የወሊድ ፈቃድና ጡረታ ሰጥታለች። አገር ቤት ያልለመደውን ሕግ ስቶክሆልም ላይ «አላወቅኩም» ማለት አይሠራም። እኛም ጋ አይሠራም።

ልጅ ሲወለድስ? በዚህ ሥራ ላይ ካለች እናት የተወለደ ልጅ በመብት ከማንም ልጅ እንደማያንስ ያውቁ ኖሯል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ዲቃላ» የሚለው ቃል በመንደር ይኖር ይሆናል፤ በሕግ ቤት ግን ወንበር የለውም። የልደት ምስክር ወረቀትም ሆነ የትምህርት ቤት ምዝገባ እናትህ ምን ትሠራለች ተብሎ አይከለከልም። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው ካለ የመጠየቅ መብት የሌለው እሱ ነው።

ብዙዎቻችን በመናኸሪያ ስናልፍ አይተን የምናልፋት ልጅ አለች፤ ፌስታሏን ይዛ፣ ዓይኗ ከወዲያ ወዲህ እየተንከራተተ፣ አጠገቧ አንድ ሰው እያሳሳቀ «ነይ እኔ ጋ ታድሪያለሽ» እያላት። ከቆሙ ስሟን ይጠይቋት፤ ከየት እንደመጣችና ማን እንደሚቀበላት ይጠይቋት። ሰውየውንም ማን እንደሆነ ይጠይቁት፤ ብዙ ደላላ ጥያቄ ሲበዛበት አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረ ይመስል ዞር ይላል። ካልዞረ የፖሊስ ነፃ ስልክ 991 ነው።